ያልተቀየመው አስተርጓሚ

ባዳቾ ሳቅ ሲመጣበት አፉን በእጁ መሸፈን ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነ ይለዋል። ነገሩ ጨዋነት አልነበረም። ከላይኛው ረድፍ የፊት አራት ጥርሶቹ የሉም፤ በቦታቸው ያሉት ማታ ማታ ወልቀው ብርጭቆ ውስጥ የሚያድሩ ናቸው። ጥርሱን ከሠራችለት ሐኪም በቀር ይህን የሚያውቁት ሚስቱ ሚርያም፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጁ ብሩክታይትና የልብ ወዳጁ ገብረማርያም ብቻ ነበሩ። የቀረው የሶዶ ሰው የሚያውቀው፣ ባዳቾ በፋሲካ ሰሞን ከጉኑኖ ሲመለስ ከሞተር ወድቆ ከንፈሩ መሰንጠቁንና ጌታ ማትረፉን ነው።

ጥርስ ቢጎድል ምን አለበት የሚል ሰው ካለ ባዳቾን አያውቀውም ማለት ነው። ባዳቾ ጡረታ እስኪወጣ አስተማሪ ነበር፤ ከተማው የሚያውቀው ግን በአስተማሪነቱ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው በአማርኛ ሲሰብክ ከጎኑ ቆሞ ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው እሱ ነው። ሰባኪ ይመጣል፣ ሰባኪ ይሄዳል፤ አስተርጓሚው ከሃያ ዓመት በላይ ያው አንድ ሰው ነበር። ከገጠር የሚመጡት እናቶች የሰባኪውን ስም አይጠይቁም፤ ሲወጡ የሚባባሉት "ዛሬ ባዳቾ ምን አለ?" ነው። ሰባኪው ሲቆጣ ይቆጣል፣ ሲለማመጥ ይለማመጣል፤ የደከመ ስብከት እንኳ በእሱ አፍ በኩል ሲያልፍ ነፍስ ዘርቶ ይወጣል። ይህን ራሱም ያውቀዋል። ትሑት ነኝ ይላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ትሑት አልነበረም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሁድ እንግዳ ሰባኪ ከሐዋሳ መጣ። ወጣት ነው፤ ፈጣን ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ እግዚአብሔር ሳይል አያልፍም። በወላይትኛ እግዚአብሔርን "ጦሳ" ይሉታል። ምላስ የላይኛውን ጥርስ ከኋላው ገፋ ሳታደርግ ይህ ቃል አይወጣም፤ የባዳቾ ተነቃይ ጥርስ ደግሞ ከላላ ሰንብቷል። ስብከቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማው። ቃሉን ትቶ በምላሱ ሊመልሰው ታገለ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ይሄኔ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ቤኒ፣ እሱ ሲደክም ሊተካው የሚማረው ወጣት፣ ጋሼ ቃል ጠፋባቸው ብሎ ቃሉን ከተቀመጠበት አቀበለው። በዚያው ቅጽበት ጥርሱ ከንፈሩ ላይ ዱብ አለ። ባዳቾ በመሐረብ አፉን ያዘ፣ ማይኩን ቤኒ እጅ ላይ ጣል አደረገና በጎን በር ወጥቶ በዝናብ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሕዝቡ ያየው ሌላ ነው። ሕዝቡ ያየው አንድ ልጅ ታላቁን ሲያርም፣ ታላቁም ተቆጥቶ ማይክ ወርውሮ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዳቾ መድረክ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ የኋለኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስብከት ሳይጀመር ይወጣል። ሲጠይቁት "ጉሮሮዬን ነው" ይላል። ባዳቾ በቤኒ ላይ ጥርሱን ነክሷል ተባለ። የሚነክስበትን ጥርስ ከየት አምጥቶ የሚል አልነበረም፤ የሚያውቅ የለማ።

ብሩክታይት ነገሩን በስልክ ከእናቷ ስትሰማ አለቀሰች። እሷ እንደ አባቷ ነገር ማሳደር አትወድም፤ በሳምንቱ መፍትሔ ይዛ ደወለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎችን ለጥርስ ወደ ቱርክ የሚልክ አገናኝ አግኝታለች። ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበለው መኪና፣ ኢምፕላንቱ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ነው።

"በሳምንት ውስጥ አልቆ ትመለሳለህ አባዬ። ለጊፋታ ትደርሳለህ። ገንዘቡን ለኔ ተወው።"

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ውስጥ ይውላል። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ እየቆጠበ ከጎረቤት ጋር ለሚያርደው ሰንጋ፣ ሴቱም ለቅቤ የሚዘጋጁለት በዓል ነው። በዕለቱ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ይበላል፤ አንድ የቤት አባወራ ቢላ ይዞ ቁጭ ብሎ ሙቹዋ የሚባለውን በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ ብቻ ቢቀምስ ምን ሆነ ይባላል። ለጊፋታ ትደርሳለህ ስትለው ልቡ ዘለለች። አፉን ከፍቶ ሲስቅ፣ ሥጋ ሲቆርጥ፣ ከዚያም በተከታዩ እሁድ መድረክ ላይ ሲቆም ታየው።

ሚርያም ግን ስልኩ እንደተዘጋ፣ "ያ ገንዘብ ለቤት ያጠራቀመችው ነው" አለችው። "ልጅቷ ቤቷን አፍህ ውስጥ ልትሠራ ነው።"

ነገሩ ባዳቾ ላይ እሾህ ሆኖ ተሰካ።

በማግስቱ ተነቃይ ጥርሱን የሠራችለትን ዶክተር ክብረትን ሊያይ ሄደ፤ ክሊኒኩ ሳይከፈት ማልዶ፣ በጓሮ በር። እንዲህ ያደረገው እንዳይታይ ነው። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ በሚያውቁት ሰዎች የተሞላ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ ተራ መጠበቅ ለእሱ አደባባይ ላይ አፍ ከፍቶ እንደመቆም ነበር። ዶክተሯ ከወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ ብላው የቀረውም በዚያ ወንበር ምክንያት ነው።

"መምህር፣ ነግሬዎት ነበር እኮ" አለች ጥርሱን እያገላበጠች። "ቁስሉ ሲደርቅ ድዱ ይሰበሰባል፣ ጥርሱ ይላላል። ቢመጡ ኖሮ በአንድ ቀጠሮ አስተካክለው ነበር።"

ባዳቾ ይህን ሊሰማ አልመጣም። የቱርኩን ነገር ነገራት። ጥሩ ነው፣ ይሂዱ እንድትለው ፈልጎ ነበር፤ መልሱን ይዞ እንደሚጠይቅ ሰው ፊቷን ፊቷን አያት። እሷም አላጣጣለችበትም። እዚያም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ አለች። ከዚያ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን በሉት። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ወራት ይፈልጋል፤ ዋናው ጥርስ ከላይ የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንት ያልቃል ካሏችሁ፣ ይዘው የሚመለሱት ጊዜያዊ ጥርስ ይሆናል። ሁለተኛ ጉዞ እንዳለ ነግረዋችኋል?"

"አልነገሩንም።"

"ራጅ ልካችኋል?"

"አልጠየቁንም።"

"ታዲያ አጥንትዎ ይበቃ አይበቃ በምን አውቀው ነው ዋጋ የቆረጡት? ስኳርዎስ እንዴት ነው?"

ባዳቾ ጣሪያውን አየ። ስኳሩን ከተለካ ቆይቷል፤ ለመለካትም ተራ የሚጠበቅበት ወንበር አለና። እሷም ገባት። ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ እንደሚዘገይ፣ ሊመረቅዝም እንደሚችል፣ ብሎኑም አጥንቱን ሳይዝ ሊቀር እንደሚችል ነገረችው። አዲስ አበባም የሚተክሉ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ርካሽ ባይሆንም ቢቸገር በአውቶቡስ ተሳፍሮ ተመልሶ የሚሄድበት መሆኑን ጨመረችለት።

"ሁሉም ጋ ሊበላሽ ይችላል፤ እኔም ጋ" አለች። "ጥያቄው ሲበላሽ ማን ያየዎታል ነው።"

ተበሳጭቶ ወጣ። የተናገረችው እውነት ስለሆነ ነው የተበሳጨው፤ ውሸት ቢሆንማ ስቆ ያልፈው ነበር። ላስተካክልልዎት ያለችውንም፣ ለምን አሁን፣ አዲሱ እየመጣ ብሎ እንደላላ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ገብረማርያም ሱቅ ገባ። ገብረማርያም አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የከፈቱትን የሕንፃ ዕቃ ሱቅ የወረሰ ነጋዴ ነው፤ አምና ውጭ አገር ሄዶ ጥርስ አስተክሎ ተመልሷል። ጥርሱ አዲስ ቀለም እንደተቀባ ግድግዳ ነጭ ነው። ሲመለስ ከተማው ሁሉ አይቶለታል፤ እሱም ያለ ምክንያት ይስቅ ነበር። ባዳቾ ይህን ወዳጁን ነው ያመነው። ገብረማርያም ምስጋናውን ይጀምራል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሰውየው ደንበኛ አለመኖሩን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ላንተ አልዋሽም። ሦስቱ እንደ አለት ናቸው፤ አጥንት ብግጥ አይሉም። አራተኛው ተወዛወዘብኝ። አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሐኪሙ አየና፣ የዚህ ብሎን ሥሪት እኛ ጋ የለም፣ መፍቻውም የለኝም፣ የተከሉልህ ጋ ሂድ አለኝ።" ከኋላው ግድግዳውን የሞላውን የብሎንና የመፍቻ ዓይነት በእጁ አሳየው። "እዚህ መሐል ያደግሁ ሰው፣ ለራሴ ብሎን መፍቻ አጣሁ። ይኸው በግራ ነው የምበላው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ያን ሁሉ አውጥቼ? ሰው ምን ይለኛል?"

ባዳቾ ሳቀ፤ እጁ አፉ ላይ ነበር። ሁለቱም በየአፋቸው የያዙትን ደብቀው ሰው እያደነቃቸው የሚኖሩ መሆናቸው ትንሽ ቆይቶ ነው የገባው፤ ያኔ ሳቁ ቀረ።

ያም ሆኖ ለአገናኙ ደወለ። አገናኙ ወጣት ነው፤ ሲያናግሩት ደስ ይላል፤ አባቴ፣ አባቴ ይላል። ባዳቾ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ንግግር እየሰማ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጆሮ የተባለውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውንም ይሰማል።

"ቢላላብኝ ማን ያየኛል?"

"አይላላም አባቴ። ዋስትና አለው።"

"ዋስትናው የት ነው የሚሠራው?"

"እዚያው ክሊኒኩ።"

"ለመሄጃውስ?"

"እሱ እንግዲህ በእርስዎ በኩል ነው። ግን አይላላም፣ አያስቡ። ቦታ እንዲያዝልዎት እስከ ሰኞ ድረስ ቀብድ ቢያስገቡ ጥሩ ነው።"

ባዳቾ ስልኩን ዘጋ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ አስተምሯል። ሁሉንም ያውቃል፤ ብሩክታይት ለቤት ያጠራቀመችውን፣ ስኳሩን፣ የገብረማርያምን አራተኛ ጥርስ። ግን በሌላው በኩል ያ መድረክ አለ። ያለ እሱ ምን ነኝ ብሎ ራሱን ሲጠይቅ የሚመጣለትን መልስ ይፈራዋል። እስከ ዓርብ ድረስ ልቡ ወደ መሄዱ አድልቶ ነበር፤ ሰኞ ለብሩክታይት ደውሎ ቀብዱን ላኪ ሊላት ወስኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ።

በወላይታ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፤ እንቢ ያለውን ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ይሄድበታል። ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ዮሴፍ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት አዛውንት፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንገቱን የደፋው ቤኒ። ባዳቾ ለምን እንደመጡ የገባው ቤኒን ሲያይ ነው።

ተቀመጡ፤ ጸለዩ። አቶ ዮሴፍ በወላይትኛ ጀመሩ።

"ባዳቾ፣ አንተ ለኛ አፍ ነበርክ። ይህ ልጅ በደለህ፤ በሕዝብ ፊት ቃል ከአፍህ ነጠቀ። አውቆ ነው ሳያውቅ፣ አንመረምርም። ዘመኑ ሊለወጥ ነው። ይቅር በለውና አብረን እንሻገር።"

ቤኒ ተነሥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። "ጋሼ፣ ላሳፍርዎት ብዬ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማይክ አልያዝኩም። ያዝ ሲሉኝም በእሳቸው ቦታ አልቆምም ብዬ እምቢ አልኩ።"

"ታዲያ ማን እየተረጎመ ነው?" አለ ባዳቾ። ስብከት ሳይጀመር ስለሚወጣ፣ ቤኒ የሚተረጉም መስሎት ነበር።

"ማንም" አሉ አቶ ዮሴፍ። "የገጠር እናቶች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አሜን ሲባል አሜን ይላሉ፣ ይሄዳሉ።"

መንገዱ እኮ ቀላል ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ ልጁ ይነሣል፤ እሱም ቱርክ ደርሶ ባለ ሙሉ ጥርስ ሆኖ ይመለሳል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ። ይቅር ባይም ተብሎ ይመሰገንበታል። ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። ቁልቁል ሲያይ ግን የቤኒ ማጅራት ታየው፤ ልጁ ያልሠራውን በደል ሁለት ወር ተሸክሞ ኖሯል። ባዳቾ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን አወለቀና መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

"የበደለኝ ይሄ ነው" አለ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ እየሾለከ፣ እየተነፈሰ ነበር የወጣው። "ልጁ ምንም አላደረገኝም። መድረክ ላይ ወደቀብኝና አፈርኩ። እስከ ዛሬ ያፈርኩት በዚሁ ነው።"

አቶ ዮሴፍ ጎንበስ ብለው መዳፉን አዩ፤ ከዚያ አፉን አዩ፤ እንደገና መዳፉን አዩ።

"እና ጉሮሮህ?"

"ጉሮሮዬ ደህና ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ከጓዳ ሚርያም ናት። አዛውንቶቹ ተከተሏት፤ አቶ ዮሴፍ ዐይናቸውን በነጠላቸው እስኪጠርጉ ሳቁ። ቤኒ ብቻ አልሳቀም። ከወለሉ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ እናቴ እኮ በእኔ ምክንያት ገበያ ስትወጣ አንገቷን ትደፋ ነበር" አለ። ሳቁ ቆመ።

ያኔ ባዳቾ ከወንበሩ ወርዶ ከልጁ አጠገብ ተንበረከከ። ይቅርታ ጠየቀው፤ በዚያው በሚሾልከው አፉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት። ቤኒ ቶሎ አልመለሰም። ባዳቾም ጠበቀው፤ መጠበቅ ይገባው ነበር። በመጨረሻ ልጁ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

"እንግዲህ የመጣንበት እርቅ አልቀረም" አሉ አቶ ዮሴፍ። "ተበዳይና በዳይ ተለዋወጡ እንጂ።"

ሰኞ ጠዋት ባዳቾ ዶክተር ክብረት ክሊኒክ ሄዶ ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ከተበላ ከተማ የመጣች ሴትዮ መንጋጋዋን ይዛ፣ "ጋሽ ባዳቾ፣ እርስዎንም ያመዎታል?" አለችው። "ጥርስ የለኝም" አላት። እሷም "ወይ ጉድ" ብላ ስለ ራሷ ሕመም ማውራቷን ቀጠለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የፈራው ይህንኑ ነው።

ጥርሱ ከድዱ ጋር ተስተካከለ፤ ስኳሩም ተለካ፤ የሚያኮራ አልነበረም። ከሰዓት ለብሩክታይት ደወለ።

"ቀብዱን እንዳትልኪ።"

"እኔ እኮ ተሸማቅቀህ እንዳትቀርብኝ ነው አባዬ" አለች።

"አውቃለሁ ልጄ። ተሸማቅቄም ነበር። መጀመሪያ ስኳሬን ላስተካክል። ከዚያ ራጅ ልነሣ፣ አጥንቴ ይበቃ እንደሆነ ይታይ። ቢበቃ አዲስ አበባ አንቺ ጋ መጥቼ እንጠይቃለን። ውጭም ከሆነ ሁለቱንም ጉዞ ቆጥረን፣ ሲበላሽ የሚያየኝን ሰው አውቀን ነው የምሄደው። ቤትሽን ግን ሥሪ።"

የጊፋታ ዕለት ሰንጋው ታረደ። ሚርያም የባዳቾን ድርሻ እንደ ክትፎ አድቅቃ ከተፈችለት፤ ገብረማርያም ለበዓሉ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና፣ "ለኔም በቀኝ በኩል እንዲህ አድርጊልኝ" አላት። ለምን ብለው ሲጠይቁት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥርስ ያላወራ አልነበረም፤ ለካ ግማሹ ቤት የየራሱን ደብቆ ኖሯል።

በተከታዩ እሁድ ባዳቾ መድረክ ላይ ወጣ፤ በቀኙ ቤኒን አቁሞ። ግማሹን እሱ፣ ግማሹን ልጁ ሊተረጉሙ ተስማምተዋል። ጥርሱ አልወደቀም። ግን እንደ ድሮውም አልሆነ፤ "ጦሳ" ባለ ቁጥር በጥርሱና በድዱ መሐል ቀጭን ፉጨት ትወጣለች። ከፊት ያሉ ልጆች ተያዩ። ባዳቾ ሰማ፤ ጆሮው ጋለ፤ ግን አላቋረጠም። ሰባኪው ሲቆጣ ተቆጣ፣ ሲለማመጥ ተለማመጠ፣ እያፏጨም ቢሆን እስከ አሜን ደረሰ።

ሲወጣ አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ከጉኑኖ በኩል የሚመጡ ናቸው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያውቃቸዋል። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እናቴ፣ ፉጨቱን ይቅር በሉኝ" አላቸው።

"የቱን ፉጨት?" አሉ አሮጊቷ። "እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ጦሳ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር፤ በማልሰማው ቋንቋ ብቻ ሲያናግረኝ።"

ባዳቾ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። እጁ እንደ ልማዷ ወደ አፉ ልትሄድ ስትል፣ አሮጊቷ አጥብቀው እንደያዟት ነበሩ፤ እሱም እጁን እዚያው ተዋት።